ሃያ አምስት ሰከንድ የሚቆጥሩ ልጆች፦ ስለ አሬና ጌሞች ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ በቴሌግራም ላከልኝ። ሦስቱም ቅዳሜ ማታ ኮምቦልቻ ሱቄ መጥተው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄን አንብበኸዋል?» ይላል መልእክቱ። አንዱማ «አንተ መልስ ካልሰጠህ እኛ እንሰጣለን» ብሎ ጨምሯል። ስለዚህ የኮምፒውተር ጥገናውን አቁሜ ይሄን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ ስለ ድሮዎቹ አሬና የሚባሉ የኮምፒውተር የተኩስ ጌሞች ነው። ስለ ኩዌክ 3፣ ስለ አንሪል ቶርናመንት፣ ስለ መሰሎቻቸው። ጸሐፊው የወልድያ ልጅ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የአገሬ ልጅ ነውና ወንድሜ እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። እነዚህ ጌሞች ሞተዋል፤ ትቷቸው የሄደውም ተጫዋቹ ራሱ ነው። ጭንቅላት አይፈልጉም፤ የጣት ፍጥነት ብቻ ናቸው። አዲስ ሰው አይደሰትባቸውም። ያው ካርታ (የመጫወቻ ሜዳ ማለት ነው)፣ ያው መሣሪያ፤ ይሰለቻሉ። ደረጃ የለ፣ ሽልማት የለ። ጦርነት ባየችው ወሎ ደግሞ የተኩስ ጌም ማወደስ ነውር ነው። በመጨረሻም፣ ስልክ በእጁ ያለ ሰው ለምን ለኮምፒውተር ይቸገራል ይላል።

ሰባት ነጥብ ማለት ነው። አንዳንዱ ላይ እውነት አለው፤ እሱንም እናገራለሁ።

መጀመሪያ ግን ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አሬና ዝግ ሜዳ ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ደካማ ጠመንጃ ይዞ ይገባል። ጠንካራው መሣሪያ፣ ከጉዳት የሚከላከለው አርመር፣ ጤና የሚሞላው ነገር ሁሉ ሜዳው ላይ በታወቀ ቦታ ተቀምጧል። ቀድሞ የደረሰ ያነሳዋል። የሞተ ሰው ወዲያው ይመለሳል። ሲመለስ ግን ያነሳው ሁሉ የለም። እንደገና ከዚያችው ደካማ ጠመንጃ ይጀምራል። ብዙ የጣለ ያሸንፋል። በቃ።

ከሰባቱ ለእኔ የከበደኝ የጦርነቱ ነጥብ ነው። ከእሱ ልጀምር።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴ ነበርኩ። የሆነውን የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ መድገም አያስፈልግም። እኔም ቤተሰቤን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ተመልሻለሁም። ሱቄን እንደገና በከፈትኩ ሰሞን አንድ የሰፈር ልጅ ላፕቶፕ ሊያሠራ መጣ። ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሌላው ማሽን ላይ ጌም ተከፍቷል። ስፒከሩ ክፍት ነው። ሮኬት ፈነዳ። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ከዚያ ሲወጣ ማንንም አላየም፤ ላፕቶፑንም ጥሎ ሄደ። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። እናቱ በር ላይ ተቀብላኝ «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ። እኔ ግን አላበሸርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ጌም በስፒከር አይከፈትም። በሄድፎን ብቻ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። ከ16 ዓመት በታች አላስገባም። ኩዌክ 3 ላይ ደሙን ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ቤት ጠፍቷል። ስለዚህ ወንድሜ የተኩስ ድምፅ እዚህ አገር ሌላ ትርጉም አለው ሲል እስማማለሁ። ከልቤ ነው የምስማማው።

የማልስማማው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ነው። የተኩስ ጌም የተባለውን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከተተው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ብዙዎቹ እውነተኛ ጦርነትን ለመምሰል የተሠሩ ናቸው። የእውነት የጠመንጃ ስም፣ የእውነት ዩኒፎርም፣ የፈራረሰ ከተማ። ኩዌክ 3 ውስጥ ግን አንዱ ተጫዋች አጽም ነው። ሌላው ሰውነት የሌለው፣ የሚሮጥ የዓይን ኳስ ነው። ሜዳው አንዳንዴ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ መድረክ ነው። አገር የለም፣ ሰፈር የለም፣ የሚሸሽ ሰው የለም። የወደቀው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ተነስቶ ይሮጣል። ይሄን ከዚያ ካየነው ጦርነት ጋር አንድ ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

ጉግስን አስቡት። ፈረሰኛው ዘንግ ይወረውራል፤ ያኛው በጋሻ ይመክታል። መነሻው የጦር ልምምድ ነው። የሚያየው ሰው ግን እልል ይላል እንጂ ጦርነት ናፈቀኝ አይልም። ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ጥናትም አለ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም፣ ኃይል የሚታይባቸውን ጌሞች ከእውነተኛ የኃይል ወንጀል ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እዚያው ላይ ግን እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ የቁጣ ባሕርያት ጋር ትንሽ ግንኙነት መኖሩን አልካደም። ሁለቱንም አምናለሁ፤ ሱቄ ውስጥ አይቻቸዋለሁና። ስድብ ሲጀመር ኬብሉን እነቅላለሁ። አምስት ደቂቃ ውጭ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ጣቱ ነገር ልሂድ። ጭንቅላት አይፈልግም የሚለው በጣም የተናደድኩበት ነጥብ ነው።

ደሴ ላይ ከእኛ ጋር ይጫወት የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ቀን ቀን ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር አባቱ እህል መጋዘን ይሠራል። ጆንያ ይቆጥራል፣ ኪሎ ይመዘግባል። ማታ ይመጣል። እጁ ከሁላችንም ቀርፋፋ ነበር። እውነቴን ነው፤ ማውሱን የሚይዘው እንደ ሳሙና ነው። ግን ማንም አያሸንፈውም። አጠገቡ ስትቀመጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለህ። «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት...» ይላል።

የሚቆጥረው ይሄን ነው። ኩዌክ 3 ላይ ቀዩ አርመር ከተነሳ በኋላ በ25 ሰከንድ ተመልሶ ይመጣል። ሜጋ ሄልዝ የሚባለው በ35 ሰከንድ ይመጣል። ጉዳትን የሚያበዛው ኳድ ደግሞ በ120 ሰከንድ ነው። አንድ ለአንድ ስትጫወት ስክሪኑ ላይ ሰዓት አለ። አርመሩን 3 ደቂቃ ከ10 ላይ ካነሳህ፣ 3 ከ35 ላይ እዚያ መቆም አለብህ። ሜጋውን 3 ከ20 ላይ ካነሳህ፣ 3 ከ55 ላይ ነው። ሁለቱ እኩል አይሄዱም። እየተኮስክ፣ እየሸሸህ፣ የባላጋራህን ኮቴ እያዳመጥክ ሁለቱንም ትቆጥራለህ። እሱም ይቆጥራል። እሱ እንደሚቆጥር ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

ለምን ይሄን ያህል ይለፋል? ሒሳቡን እዩት። አዲስ የገባ ሰው 125 ጤና ይዞ ነው የሚነሳው፤ አርመር የለውም። አንድ ሮኬት በቀጥታ ቢመታው 100 ይወስድበታል፤ 25 ይቀረዋል። አርመር ግን ከሚደርስብህ ጉዳት ሁለት ሦስተኛውን ይሸከማል። አርመር የጠገበ ሰው ከዚያው ሮኬት የሚጎድልበት ጤና 34 ብቻ ነው። እንግዲህ አርመሩን በሰዓቱ የሚያነሳ ሰው፣ እጁ ቢዘገይም፣ ፈጣኑን ልጅ ሦስት ጊዜ ስቶት እንኳ ያሸንፈዋል። የእህል መጋዘኑ ልጅ ያደርግ የነበረው ይሄን ነው።

አተኳኮሱም እንደዚሁ ነው። ኩዌክ 3 ላይ ሰው በሰከንድ 320 የጌም ርቀት ይሮጣል። ሮኬቱ ደግሞ 900። ሮኬቱ ይበልጣል፤ ግን ወዲያው አይደርስም። ስለዚህ ሰውየው ያለበት ቦታ ላይ ብትተኩስ ባዶ መሬት ነው የምትመታው። የሚደርስበትን ማወቅ አለብህ። ይሄን ጉግስ ያየ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ዘንጉ የሚወረወረው ፈረሱ ወደሚደርስበት ነው። ሬልገን የሚባለው መሣሪያ በተቃራኒው በቅጽበት ይመታል፤ ግን አንዴ ከተኮስክ ሌላውን ለመድገም አንድ ሰከንድ ተኩል ትጠብቃለህ። የትኛውን ይዘህ፣ የትኛው በር ላይ ትቆማለህ? ይሄ የጣት ጥያቄ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ኩዌክ ውስጥ በአየር ላይ እየዘለልክ ማውሱን በትክክለኛ ማዕዘን ካዞርክ ከተፈቀደልህ ፍጥነት በላይ ትሄዳለህ። ስትሬፍ ጃምፕ ይሉታል። በዲዛይን የመጣ አይደለም፤ የኮድ ስህተት ነው። የኩዌክ 3 ኮድ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፈት፣ ሠሪዎቹ እዚያው ቦታ ላይ የተዉት ማስታወሻ ተገኘ። ትክክለኛው አሠራር ይሄን ስህተት ያስቀራል፣ ግን ሲጫወቱት ደስ አይልም የሚል ሐሳብ ያለው አጭር መስመር ነው። ትክክሉን ትተው ደስ የሚለውን ያዙ። ልጆቼ ያን ዝላይ ለመማር ወራት ይፈጅባቸዋል። የሚያስተምራቸው ደረት ኪስ ውስጥ የሚገባ መመሪያ የለም። አንዱ ከሌላው እያየ ነው።

ወደ አዲስ ሰው ነጥብ የሚወስደኝም ይሄው ነው።

ወንድሜ አዲስ የገባ ሰው ይደበደባል ይላል። ይደበደባል። የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። በ1998 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበር። ስድስት ኮምፒውተር፣ እነሱን የሚያገናኝ አንድ ስዊች፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተያዘ ኬብል። ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ ወንበሩ ለጨዋታ ይከራያል። መጀመሪያ 25 ጊዜ ሞቼ አንድ ሰው ጣልኩ። ያም ራሱ ገደል የገባ ይመስለኛል። ተነስቼ ልሄድ ስል ከኋላዬ የቆመ አንድ ትልቅ ልጅ ትከሻዬን ያዘኝ። «መሬት መሬቱን አትይ፤ ጆሮህን ክፈት» አለኝ። አርመር ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ አሰማኝ። ሰው ሲዘል የሚያወጣውን ድምፅ አሰማኝ። ከዚያ በኋላ በዚያችው ማታ ስድስት ሰው ጣልኩ። ለሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሜ ያላየው ይሄን ነው። እሱ የሚያወራው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ፣ ሃያ ዓመት ከተጫወቱ የውጭ አገር ሰዎች ጋር ኢንተርኔት ላይ ስለሚገጥም ሰው ነው። ያ ሰው በእርግጥ ይሰቃያል። ማንም አይመክረውም፤ ማንነቱንም አያውቁትም። አሬና ጌም ላይ የተጫዋቹ ቁጥር ሲቀንስ የቀሩት ጎበዞቹ ብቻ ሆኑ። ስለዚህ አዲሱ ሰው እኩያውን አያገኝም። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልክደውም። አንድ ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጣለህ ሰው አጠገብህ ነው። ሳቁን ትሰማለህ። ግን ሁልጊዜ ደካማ ሰው መጣል እሱንም ይሰለቸዋል፤ እኩያ ይፈልጋል። እኩያ የሚያገኘው ደግሞ አንተን አስተምሮ ነው። ጆተኒ ቤት ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጎበዙ ደካማውን አጣማሪ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቦታ ያሳየዋል።

ጌሙ ራሱም መላ አለው። ኩዌክ 3 ላይ ሃንዲካፕ የሚባል አለ። ጎበዙ ራሱን 50 ላይ ቢያደርግ ጤናውም የሚያደርሰው ጉዳትም በግማሽ ይወርዳል። ብቻህን ለመለማመድ ደግሞ ቦት አለ፤ በኮምፒውተሩ የሚመራ ተጫዋች ማለት ነው። ኩዌክ 3 ላይ አምስት፣ አንሪል ቶርናመንት ላይ ስምንት የክብደት ደረጃ አላቸው። የአንሪልን ቦቶች የሠራው ስቲቭ ፖልጅ፣ ከዚያ በፊት ለመጀመሪያው ኩዌክ በትርፍ ሰዓቱ ቦት ሠርቶ ስም ያወጣ ሰው ነው። እዚህ የሚያጫውት ጓደኛ ያጣ ልጅ ከእነሱ ጋር አንድ ሳምንት ቢቆይ፣ ቅዳሜ ሲመጣ 25 ለአንድ አይሸነፍም።

ሞተዋል ስለተባለው።

መጀመሪያ ታሪኩን ልክ እናድርግ። ዴዝማች (ሁሉም በሁሉም ላይ የሚተኩስበት ጨዋታ) የሚለውን ስም ያወጣው ከጌም ሠሪዎቹ አንዱ ጆን ሮሜሮ ነው፤ ዱም ከተባለው ጌም ጋር፣ በዲሴምበር 1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ በአንድ ኔትወርክ አራት ሰው ነበር የሚጫወተው። በ1996 ኩዌክ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩዌክ ኮድ ጸሐፊ ጆን ካርማክ ኩዌክወርልድን አወጣ። በዘገምተኛ የስልክ መስመር የሚጫወት ሰው፣ ቁልፉን ሲጫን ገጸ ባሕርዩ ሰርቨሩን፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደውን ሩቅ ኮምፒውተር፣ ሳይጠብቅ እንዲንቀሳቀስ ያደረገው ያኔ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምትጫወቱት የተኩስ ጌም የሚሠራው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። በ1997 ካርማክ የራሱን ፌራሪ ለውድድር ሽልማት አቀረበ፤ ዴኒስ ፎንግ የተባለ ወጣት አሸንፎ ወሰደው። ከዚያ በ1999 ኖቬምበር አንሪል ቶርናመንት፣ ዲሴምበር ላይ ኩዌክ 3። ሁለት ታላላቅ ጌሞች በሳምንታት ልዩነት።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሄደ። ይሄ ላይ ወንድሜ ትክክል ነው። ካውንተር ስትራይክ የተባለ ሌላ የተኩስ ጌም ወሰደው። በ2001 ሄሎ የተባለው ጌም መጥቶ የኮንሶሉን፣ በቴሌቪዥን የሚጫወተውን፣ ተጫዋች ወሰደ። በጆይስቲክ የአሬናን ፍጥነት መከተል ይከብዳልና ጌሞቹ ቀስ አሉ። ግን ሕዝቡ የሄደው ወዴት ነው? ካውንተር ስትራይክ የተሠራው ሃፍ ላይፍ በተባለ ጌም ላይ ነው። የሃፍ ላይፍ ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ደግሞ ከኩዌክ ሞተር የተሻሻለ ነው። የመጀመሪያው ኮል ኦፍ ዲዩቲ፣ የ2003ቱ፣ የሄደው በኩዌክ 3 ሞተር ነው። ልጆቹ ከአባታቸው ቤት ወጥተው ጎጆ ቀለሱ እንጂ አባትየው አልሞተም።

አሁን ደግሞ የትኛው እንደሚሞት እንይ። ዛሬ የሚወጣው ጌም አብዛኛው በኩባንያው ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኩባንያው ሰርቨሩን ያጠፋው ቀን ጌምህ አይከፈትም። ኩዌክ 3 ኮዱ ስለተከፈተ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ከእሱ ኦፕን አሬና የተባለው ነጻ ጌም ወጣ። ከመጀመሪያው ኩዌክ ኮድ ከተነሳው ሐረግ ደግሞ ዞኖቲክ መጣ። የአንሪል ባለቤት ኤፒክ በ2023 መጀመሪያ የድሮዎቹን አንሪሎች የኢንተርኔት አገልግሎት ሲያጠፋ፣ አንሪል ቶርናመንት በላን፣ ማለትም ያለ ኢንተርኔት በአንድ ቤት ኬብል፣ መጫወቱን አላቆመም። በ2024 ደግሞ ኤፒክ ራሱ ፈቅዶ ጌሙ በነጻ መታደል ጀመረ። እኔ ሁሉንም በአንድ ፍላሽ ይዣቸዋለሁ። ሞተ የተባለ ነገር እንዲህ ኪስ ውስጥ ሆኖ አይዞርም።

ይሰለቻል ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም። ኩዌክ 3 ላይ ያለው መሣሪያ ዘጠኝ ነው። ልክ ነው፤ ትንሽ ነው። ቅኝቶቻችንስ ስንት ናቸው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ ስማቸው የእኛው የወሎ አገር ስም ነው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው። በአምስት ድምፅ ስንት ዘመን ተዘፈነ? አምባሰል የሚሰማ ሰው ስድስተኛ ድምፅ ጨምሩልኝ አይልም። አንሪል ላይ ፌሲንግ ወርልድስ የሚባል ካርታ አለ። ጠፈር ላይ ሁለት ግንቦች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ መሃላቸው ባዶ ሜዳ ነው። የባላጋራህን ባንዲራ ነጥቀህ ያን ሜዳ ማቋረጥ አለብህ። ከመቶ ጊዜ በላይ አቋርጬዋለሁ፤ አሁንም ባንዲራውን ስነጥቅ ልቤ ይመታል። አዲስ ካርታ የፈለገም ራሱ ይሠራል፤ መሥሪያው በነጻ ይገኛል። ከልጆቹ አንዱ የደሴን ቁልቁለትና ደረጃ የሚመስል ካርታ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ገና አላለቀም። መውጣቱ ከባድ፣ መውረዱ አደገኛ ነው። ልክ እንደ ከተማዋ።

ደረጃና ሽልማት የለም የተባለው ለእኔ ወቀሳ አይደለም፤ የምወደው እሱን ነው። በ2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 ነው መሣሪያን በደረጃ የመክፈቱን ነገር በሰፊው ያስለመደው። ብዙ የቆየ ሰው የተሻለ ይዞ ይገባል፤ አዲሱ ያነሰ ይዞ ይገባል። ከዚያ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ መጣ። አሬና ውስጥ ሀብታምም ደሀም ያችኑ ጠመንጃ ይይዛል። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ሰዉ አይጠየፍ የሚለው ለምን እንደሆነ የደሴ ሰው ያውቃል። ሁሉም ገብቶ እኩል የሚቀመጥበት ስለነበረ ነው። የማሠልጠኛው ባለቤት ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አንዳንድ ማታ እሳቸውም ይቀመጣሉ። ተማሪዎቻቸው ከመድረኩ ገፍተው ገደል ሲከቷቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ይስቁ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እኚያው ሰውዬ ፈተና ይፈትኑናል።

የመጨረሻው የስልክ ነጥብ ነው።

ስልክ ሁሉም ሰው ጋ አለ፤ እውነት ነው። የስልክ ጌም አልጠላም። ከሚመጡት ልጆች አንዱ ወንድሙ ጅዳ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ በስልክ አብረው ይጫወታሉ፤ እያወሩ። እናታቸው ከጎኑ ተቀምጣ የልጇን ድምፅ ትሰማለች። ይሄን የሚተካ ላን የለኝም።

ግን ወንድሜ የፒንግን ነገር ዘለለው። ፒንግ ማለት የነካኸው ነገር ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የምትጫወትበት ሰርቨር አውሮፓ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት፣ ከሆነ ከእኛ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ደርሶ መልስ 10,000 ኪሎ ሜትር ስታሰላው 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይሄ ማንም ሊቀንሰው የማይችለው የተፈጥሮ ግድግዳ ነው። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሃል ላይም ስንት ቦታ ይቆማል። ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጠረጴዛህ ላይ ባለ ስዊች ግን ደርሶ መልሱ አንድ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ደሴ ያለ ልጅ ቀድሞ ተኩሶ ለምን እንደሚሞት ብዙ ጊዜ አይገባውም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የርቀቱ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆን ያ ምክንያት ይጠፋል። የተሸነፍከው ስለተበለጥክ ነው። ያ ደግሞ ይስተካከላል።

ወጪውም የሚባለውን ያህል አይደለም። ኩዌክ 3 ሲወጣ የጠየቀው 64 ሜጋ ራም ነው። ዛሬ ቢሮዎች አርጅቷል ብለው በሚያወጡት ኮር ቱ ዱዎ ኮምፒውተር ላይ ይበራል። እኔ ቤት ያሉት አራቱ እንደዚያ የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱን ራሴ ነኝ ከተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ያዳንኳቸው። ኦፕን አሬና ግማሽ ጊጋ አይሞላም። አሶልት ኪዩብ የሚባለው ደግሞ 50 ሜጋ ገደማ ነው። ፓኬጅ መግዛት የለም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ሕገ ወጥም አይደለም፤ ሁለቱም በነጻ የሚታደሉ ናቸው። ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ኦፕን አሬና ውስጥ አለባበሳቸው ለቤት የማይሆን ገጸ ባሕርያት አሉ። ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት እነሱን አውጥቼ ነው። መብራት ሲጠፋ በላፕቶፖቹ ባትሪ እንቀጥላለን፤ ባትሪ የሌላቸው ከኋላ ቆመው ያያሉ፣ ይቆጥራሉ።

ወንድሜ በጽሑፉ መጨረሻ አሬና ጌም ከሰው ጋር ተጫውቶ እንደማያውቅ ጠቅሷል። ቪዲዮ አይቶ፣ አንድ ማታ ኢንተርኔት ላይ ሞክሮ ነው የተወው። ከወልድያ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ከ12 ሰዓት በኋላ ወንበር አለ። ሄድፎኑን እኔ አዘጋጃለሁ። ካርታውን እሱ ይምረጥ። ሃንዲካፔን 50 ላይ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ቀዩ አርመር የት እንዳለም ከመጀመራችን በፊት አሳየዋለሁ።